ሚዛኑ ከጨረታው ይቅደም

“ሐራጅ” የሚለው ቃል በአገራችን ሰው ጆሮ ሲገባ ደስታን አይቀሰቅስም። ቃሉ ሲነሣ በብዙዎቻችን አእምሮ የሚደቀነው በዕዳ የተያዘ ቤት፣ በፍርድ አፈጻጸም የሚሸጥ ንብረት፣ በጋዜጣ የኋላ ገጾች በትንንሽ ፊደላት የሚታተም ማስታወቂያ ነው። በመሆኑም ስለ ጨረታ መጻፍ የሕግ ባለሙያ ወይም የኢኮኖሚክስ መምህር ድርሻ እንጂ የሳይንስ ፋኩልቲ መጽሔት ጉዳይ አይመስልም። እኛ ግን ጨረታን፣ በተለይም በገጠር የሚካሄደውን የከብትና የእርሻ ንብረት ጨረታ፣ የፊዚክስ ተማሪ ሊመረምረው ይገባል እንላለን። ጨረታ ከሁሉ በፊት የመለኪያ መሣሪያ ነውና፤ የሚለካውም ዋጋን ነው። እንደማንኛውም መለኪያ መሣሪያ ስሕተት አለው። የስሕተቱን መጠን ማስላት፣ ጉዳቱም በማን ጫንቃ ላይ እንደሚያርፍ አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ማሳየትና ከዚያ በመነሣት ለአገራችን የከብት ገበያ የሚበጀውን መጠቆም ነው።

ከበረቱ ፊት ለፊት

ሐሳቡ መጀመሪያ ያደረብን በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ በትምህርት ላይ በነበርንበት ጊዜ ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት የአንድ ቤተሰብ የወተት እርሻ ከነሙሉ ንብረቱ በጨረታ ሲሸጥ ለመመልከት ቻልን። ባለቤቱ ሸምግለዋል፤ ልጆቻቸው ከተማ ገብተው በሌላ ሥራ ተሰማርተዋል፤ ሌሊት በ10 ሰዓት ተነሥቶ የሚያልብ ጉልበት በቤቱ አልቀረም።

ሽያጩ የራሱ ሥርዓት ነበረው። መጀመሪያ በጋሪ ላይ የተዘረገፉ ጥቃቅን ዕቃዎች ተሸጡ፤ መዶሻ፣ ሰንሰለት፣ ባልዲ፣ ያረጀ የወተት ቢዶን። ቀጥሎ ትራክተሩ፣ ማረሻው፣ የድርቆሽ ማሰሪያ ማሽኑና የማለቢያው መሣሪያ ተራቸውን ጠበቁ። ከዚያ በኋላ ላሞቹ አንድ በአንድ ገቡ። ለመሬቱ ሽያጭ ሌላ ቀን ተቀጥሮለት ነበር። አጫራቹ ቁጥሮቹን እንደ ፉከራ እያከታተለ ያለ ትንፋሽ ይጠራል፤ ተጫራቾቹ አንዱ ባርኔጣውን በመነካካት፣ ሌላው ጣቱን በማንሣት፣ ሌላው ራሱን በትንሹ በመነቅነቅ ይመልሱለታል። አንዲት ላም ገብታ እስክትሸጥ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ባለቤቱ ከበረቱ ጥግ ቆመው እያንዳንዷ ላም ስትገባ ስሟን ዝቅ ባለ ድምፅ ይጠሩ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ትኩረታችንን የሳበው ግን በእያንዳንዱ ገዥ እጅ የነበረው ወረቀት ነው። በወረቀቱ ላይ የላሟ የትውልድ ቀን፣ የአባቷ ማንነት፣ ለመጨረሻ ጊዜ የወለደችበት ቀን፣ በአንድ የእልበት ዘመን የሰጠችው ወተት በክብደት፣ የወተቷም የቅባት መጠን በመቶኛ ተጽፎ ነበር። ገዥዎቹ ወረቀቱን ያያሉ፤ ከዚያ ላሟን ያያሉ፤ ከዚያ እንደገና ወደ ወረቀቱ ይመለሳሉ። በልጅነታችን ከምናውቀው የከብት ገበያ ጋር ስናነጻጽረው ትልቁ ልዩነት በአጫራቹ ጩኸት ላይ አልነበረም። ልዩነቱ በዚያ ወረቀት ላይ ነበር።

ዋጋውን የሚወስነው ሁለተኛው ሰው ነው

በገጠር የተለመደው ጨረታ ዋጋው ከታች ተነሥቶ ወደ ላይ የሚወጣበት ዓይነት ነው። አሠራሩን በቀላል ምሳሌ እንመልከት። አንዲትን ላም ለመግዛት ሦስት ሰዎች ቀረቡ እንበል። አንደኛው ከ60 ሺህ ብር፣ ሁለተኛው ከ70 ሺህ ብር፣ ሦስተኛው ከ90 ሺህ ብር በላይ ላለመክፈል በልባቸው ቆርጠዋል። ጥሪው 60 ሺህን ሲያልፍ አንደኛው ዝም ይላል። 70 ሺህን ሲያልፍ ሁለተኛው ዝም ይላል። በዚያች ቅጽበት ጨረታው ያበቃል። ሦስተኛው ሰው እስከ 90 ሺህ ብር ለመክፈል የተዘጋጀ ቢሆንም ከ70 ሺህ ጥቂት ከፍ ብሎ ላሟን እየጎተተ ይሄዳል።

ስለዚህ አሸናፊው የልቡን ዋጋ አይከፍልም፤ የሚከፍለው ከእርሱ ቀጥሎ የነበረውን ሰው የልብ ዋጋ ነው። ይህን ነጥብ በሒሳብ አስረግጠው ያሳዩት በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ዊልያም ቪክሪ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1961 ያሳተሙት ጥናት ለጨረታ ንድፈ ሐሳብ መሠረት ሆኗል፤ ከሌሎች ሥራዎቻቸው ጋርም በ1996 ለኖቤል ሽልማት አብቅቷቸዋል። በዚሁ መስክ ፖል ሚልግሮምና ሮበርት ዊልሰን በ2020 ተመሳሳይ ሽልማት ተቀብለዋል።

ከዚህ የሚከተለው ውጤት ለሻጩ እጅግ አስፈላጊ ነው። የላሟ ዋጋ የሚንጠለጠለው በላሟ ላይ ብቻ አይደለም፤ በዚያ ጠዋት ስንት ሰው እንደ መጣም ይወሰናል። ተጫራቾቹ ከብዙ ገማቾች መካከል በዕጣ የወጡ ናቸው ብንል፣ ሁለተኛው ከፍተኛ ግምት በግምቶቹ ሰልፍ ውስጥ የሚይዘውን አማካይ ቦታ ማወቅ ቀላል ነው። የተጫራቾቹን ቁጥር አንድ ቀንሰን፣ አንድ ለጨመርንበት ለዚያው ቁጥር እናካፍል። ሁለት ተጫራቾች ሲኖሩ ውጤቱ አንድ ሦስተኛ ነው። አምስት ሲሆኑ ሁለት ሦስተኛ ይሆናል። አሥር ሲሆኑ ዘጠኝ ዐሥራ አንደኛ፣ ማለትም 82 ከመቶ ገደማ ይደርሳል። ይህ ስሌት ከወረቀት ወርዶ በእውነተኛ በሬ ላይ ምን እንደሚያስከትል ለማየት ወደ አንድ የታወቀ የእንግሊዝ የከብት ትርኢት እንሻገር።

የፕሊመዙ በሬ

እ.ኤ.አ. በ1906 በእንግሊዝ አገር በፕሊመዝ ከተማ በተካሄደ የሰንጋና የዶሮ ትርኢት ላይ አንድ የሰባ በሬ ለውድድር ቀረበ። ተወዳዳሪዎቹ በሬው ታርዶና ተገፎ ሲመዘን ስንት ፓውንድ እንደሚሆን በስድስት ፔንስ በተገዛ ካርድ ላይ ጽፈው ያስገባሉ፤ ለእውነቱ የቀረበ ይሸለማል። ከገማቾቹ መካከል ሥጋ ሻጮችና ገበሬዎች ነበሩ፤ ስለ ከብት ምንም የማያውቁም አልጠፉም። ፍራንሲስ ጋልተን የተባሉት ሊቅ 787 ካርዶችን ሰብስበው መረመሩና ውጤቱን በ1907 “ኔቸር” በተባለው መጽሔት አወጡ። ጋልተን ስለ ሰው ዘር በነበራቸው አስተሳሰብ ዛሬ በብርቱ ይነቀፋሉ፤ የበሬው ስሌት ግን እስከ ዛሬ ይጠቀሳል።

የበሬው እውነተኛ ክብደት 1198 ፓውንድ፣ ማለትም 543 ኪሎ ግራም ገደማ ነበር። ግምቶቹ ከትንሹ እስከ ትልቁ ሲሰለፉ መካከል ላይ የተገኘው 1207 ፓውንድ ሆነ። ስሕተቱ አንድ ከመቶ እንኳ አልሞላም። ብዙ ሰዎች ይህን ታሪክ የሕዝብን ጥበብ ለማወደስ ይጠቅሱታል፤ እውነትም አስደናቂ ነው። ይሁን እንጂ ከታሪኩ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ፤ ጨረታ መካከለኛውን ግምት አይመርጥም። ጨረታ የሚመርጠው ከላይ ሁለተኛውን ነው።

ጋልተን ያሳተሙትን የግምቶች ሰንጠረዥ ወስደን ከላይ ያየነውን ስሌት እናስገባበት። በሬው የሚሸጠው በክብደቱ ብቻ ነው፤ ተጫራቾቹም ከ787ቱ ሰዎች መካከል በዕጣ የወጡ ናቸው እንበል። ሁለት ተጫራቾች ብቻ ከመጡ በሬው 1178 ፓውንድ ገደማ እንደሚመዝን ተቆጥሮ ይሸጣል። ይህ ከእውነተኛው ክብደት 9 ኪሎ ያህል ያንሳል። አምስት ከመጡ 1227 ፓውንድ ገደማ ይሆናል፤ ከእውነተኛው 13 ኪሎ ያህል ይበልጣል። አሥር ከመጡ 1245 ፓውንድ ገደማ ይደርሳል፤ ትርፉ 21 ኪሎ ያህል ነው። በሬው ያው በሬ ነው፤ አንድ ግራም አልጨመረም፣ አልቀነሰም። የተለወጠው በዙሪያው የቆመው ሰው ቁጥር ብቻ ነው። አንድ ሰው ብቻ ከመጣ ደግሞ ጨረታ የሚባል ነገር አይኖርም፤ ሻጩ የተሰጠውን ይቀበላል።

ተጫራች ሲበዛ የሚጎዳው ገዥው ይመስላል። ካፔን፣ ክላፕና ካምቤል የተባሉ ሦስት የነዳጅ መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጡት ጽሑፍ፣ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የነዳጅ ቦታ በጨረታ ያሸነፉ ኩባንያዎች የጠበቁትን ትርፍ ያላገኙት በዚሁ ምክንያት መሆኑን አስረድተዋል። የሚያሸንፈው የቦታውን ሀብት አብዝቶ የገመተው ነውና። ነገሩ “የአሸናፊው እርግማን” ተብሎ ይታወቃል። ይሁንና ገዥ ሲቃጠል ይማራል። ለሚቀጥለው ጊዜ የመሰለውን ዋጋ ሙሉ በሙሉ አይጠራም፤ ለጥንቃቄ ከላዩ ይቀንሳል። ሁሉም እንዲህ ሲቀንሱ የሚጎዳው በእውነት ጥሩ ላም ይዞ የመጣው ሻጭ ነው። ላሙ ጥሩ መሆኗን የሚያውቀው እርሱ ብቻ ነው፤ የሚያምነው ግን የለም። ስለዚህ ጥሩዋን ላም ቤቱ ያስቀራትና ደካማዋን ወደ ገበያ ያወጣል። ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ባሳተሙት ጽሑፍ ስለ አሮጌ መኪናዎች ያስተማሩት ይኸው ነው።

እንግዲህ የችግሩ ሥር የት ላይ ነው? በተጫራቾቹ ቁጥር ብቻ እንዳይደለ ልብ በሉ። የቁጥራቸው መለዋወጥ ዋጋውን የሚያናጋው ግምታቸው የተራራቀ ስለሆነ ነው። በፕሊመዝ አደባባይ አንድ ትክክለኛ ሚዛን ቆሞ፣ በሬው በሁሉም ፊት ተመዝኖ ቢሆን ኖሮ ግምቶቹ ሁሉ በአንድ ቁጥር ዙሪያ በተሰበሰቡ ነበር። ያን ጊዜ ሁለት ሰው ቢመጣም አሥር ቢመጣም ሁለተኛው ግምት ያው ነው። በፊዚክስ ቋንቋ ስንናገር፣ የእያንዳንዱ ልኬት ስርጭት ሲጠብብ የመሣሪያው ስሕተት ይጠፋል። የምንለው ነገር ሁሉ በዚህች ዐረፍተ ነገር ውስጥ ይጠቃለላል።

አሲድና ሴንትሪፊዩጅ

በአሜሪካ ያየነው ወረቀት ከሰማይ የወረደ አልነበረም። እ.ኤ.አ. እስከ 1890 ድረስ በዚያ አገር ወተት የሚረከቡ ፋብሪካዎች ለገበሬው የሚከፍሉት በወተቱ ክብደት ብቻ ነበር። በመሆኑም ውኃ የጨመረ ወይም ክሬሙን የገፈፈ ገበሬ ከታማኙ ጎረቤቱ ጋር እኩል ይከፈለው ነበር፤ ታማኝነት ኪሣራ ሆነ። በ1890 በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ኬሚስት ስቲቨን ባብኮክ ቀላል ምርመራ አበጁ። የተለካ ወተት አንገቱ ጠባብ በሆነ ጠርሙስ ውስጥ ይጨመራል፤ ሰልፈሪክ አሲድ ሲታከልበት ከቅባቱ በቀር ያለውን ነገር ሁሉ ያሟሟዋል። ጠርሙሱ በሴንትሪፊዩጅ ሲሽከረከር ከሌላው ፈሳሽ የቀለለው ቅባት ወደ ውስጥ ይለያል፤ ሙቅ ውኃ ሲጨመር ወደ ጠርሙሱ አንገት ከፍ ይላል። አንገቱ ላይ የተቀረጸውን መስመር ማንበብ ብቻ ይቀራል። ማንኛውም ገበሬ ልጁን አስተምሮ ሊያሠራው ይችላል። ባብኮክ የፈጠራ መብት አላስመዘገቡበትም፤ መሣሪያው ለሁሉም ክፍት ሆነ።

በዴንማርክ ቬየን በተባለች ቦታ በ1895 የላሞችን ወተት እየዞረ የሚመዘግብ የገበሬዎች ማኅበር ተቋቋመ፤ ልምዱ በ1905 ወደ አሜሪካዋ ሚሺጋን ግዛት ተሻገረ። ከዚያ ወዲህ ላም ስትሸጥ የምትሸጠው ከነታሪኳ ሆነ። ከጠቅላላው ነገር የምንማረው፣ የጨረታው ሐቀኝነት የተገኘው ከአጫራቹ ቅልጥፍና ሳይሆን ከጨረታው ቀን በፊት በየበረቱ ከተሠራው የመለካት ሥራ መሆኑን ነው።

ሚዛን የማይፈታው ነገር

ይህን ስንል መለኪያ ሁሉን ችግር ይፈታል ማለታችን አይደለም። ሰው ወዶ ሲሸጥና ተገዶ ሲሸጥ አንድ አይደለም። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ የአሜሪካ ገበሬዎች ዕዳቸውን መክፈል ተስኗቸው ከብታቸው፣ መሣሪያቸውና መሬታቸው በባንኮች አማካይነት በሐራጅ ይሸጥ ነበር። ጎረቤቶቻቸው ታዲያ አንድ ዘዴ ፈጠሩ። በጨረታው ቀን በብዛት ይመጡና ለትራክተሩም ለላሙም ጥቂት ሳንቲሞች ብቻ ይጠራሉ። ሊያስበልጥ የሚሞክር እንግዳ ካለ በዝምታ ከብበው ያዩታል፤ በአንዳንድ ቦታም ከበረቱ በር ላይ የገመድ ሸምቀቆ ተሰቅሎ ይጠብቀዋል። በመጨረሻም በሳንቲም የገዙትን ንብረት ለባለቤቱ ይመልሱለታል። በነብራስካ ግዛት በማዲሰን አውራጃ በ1931 በተደረገው እንዲህ ባለ ጨረታ የአንድ እርሻ ንብረት በጠቅላላው በ5 ዶላር ከ35 ሳንቲም ተሸጠ። “የሳንቲም ጨረታ” የሚል ስም ያተረፈው ይህ ነው።

በእኛ አመለካከት ይህ ታሪክ ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛ፣ ጨረታ የሚለካው ከብቱን ብቻ ሳይሆን በስፍራው ማን እንዳለና ማን እጁን ለማንሣት እንደሚደፍር ጭምር መሆኑን ነው። ገበሬዎቹ መሣሪያውን ሆን ብለው አዛቡት። በብዙ የገጠር ገበያዎች ግን ጥቂት ገዥዎች ተስማምተው ይህንኑ በገበሬው ላይ ሊያደርጉት ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ከብቱን ለባለቤቱ የሚመልስ የለም። ሁለተኛ፣ በግዳጅ ለሚሸጥ ሰው መድኃኒቱ ሚዛን ሳይሆን ሕግ መሆኑን ነው። የሚኒሶታ ግዛት በ1933 ዕዳ ለመክፈያ ጊዜ የሚያራዝም ሕግ አወጣ፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1934 አጸናው።

ባልተገደደ ሽያጭም ቢሆን የጨረታ ውጤት ሁልጊዜ አያስደስትም። የዊስኮንሲን ግዛት በ2004 ከ15 ሺህ በላይ የወተት እርሻዎች ነበሯት፤ በ2024 ከ6 ሺህ በታች ቀርተዋል። የግዛቲቱ የወተት ምርት ግን ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ላሞቹ ከትንንሽ በረቶች ወደ ትልልቅ በረቶች ተሻግረዋል፤ ከማሻገሪያዎቹም አንዱ ጨረታ ነው። መሬቱም ቢሆን በአንድ አካባቢ ለሽያጭ የሚቀርበው አልፎ አልፎ ነው፤ አጥብቀው የሚፈልጉትም አብዛኛውን ጊዜ አዋሳኝ ጎረቤቶች ናቸው። ተጫራቾቹ ጥቂት ሲሆኑ ዋጋው በሁለት ሰዎች ፉክክር ወይም ስምምነት ላይ ይወድቃል። መሬት ደግሞ በሚዛን አይወጣም።

በአገራችን ገበያ

በአገራችን የገጠር መሬት ከ1967 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ አይሸጥም፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40ም መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ መሆኑን ደንግጓል። ስለዚህ የገጠሩ ቤተሰብ ሸጦ ገንዘብ ሊያደርገው የሚችለው ትልቁ ሀብት ከብቱ ነው። ለልጅ የትምህርት ወጪ፣ ለሕክምና፣ ለማዳበሪያ ዕዳ የሚወጣው በሬ ወይም ጊደር ነው። ገበሬውና ዋጋ ፊት ለፊት የሚገናኙት በከብት ተራ ነው ማለት ይቻላል።

በዚያ ተራ ስንት ተጫራች አለ? ገዥው ይመጣል፤ ጥርሱን ይገልጣል፣ ሻኛውን ይጨብጣል፣ ጎኑን ይደስሳል፤ በመካከል ደላላ ይገባል፤ እጅ ለእጅ ተመታትተው ዋጋ ይጠራራሉ። በምሥራቁ የአገራችን ክፍል በግመል ገበያ እጅን በጨርቅ ሸፍኖ በጣት ንክኪ መደራደርም የታወቀ ነው። ባህሉ የራሱ ጥበብና የራሱ መተማመን አለው። ከመለኪያ አኳያ ስናየው ግን ዋጋው ለሦስተኛ ሰው አይታይም፤ በአጠገብ የቆመው ሻጭ ትናንት ተመሳሳይ በሬ በስንት እንደ ተሸጠ አያውቅም። ደላላው ያውቃል። ገበሬው በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይሸጣል፤ ነጋዴው በየሳምንቱ ይገዛል። በፕሊመዙ ምሳሌ ብንናገር ገበሬው ዘወትር አንድ ወይም ሁለት ተጫራች ያለው ሻጭ ነው። ከእውነቱ በታች መሸጡ እንግዲህ የዕድል ነገር አይደለም። የዘፈቀደ ስሕተት አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች ይላል፤ ይህ ግን በተደጋጋሚ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚያጋድል ሥርዓታዊ ስሕተት ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች በከሸፉበት ጊዜ በቦረና የሆነው የዚሁ የከፋ መልክ ነው። ሁሉም ሻጭ ሆነ፤ ገዥ ጠፋ። እንደዚያ ባለ ጊዜ ሚዛን ብቻውን ብዙ እንደማይረዳ ከላይ ተናግረናል። በደህናው ዘመን የተጠራቀመ ተገቢ ዋጋ ግን ለክፉ ቀን ስንቅ ይሆናል።

አንዳንድ ወገኖች መፍትሔው በየወረዳው ግልጽ የከብት ጨረታ ማቋቋም ነው ይላሉ። ሐሳቡን አንቃወምም፤ ቅደም ተከተሉ ግን ያሳስበናል። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ቡና ለግብይት ከመቅረቡ በፊት ናሙናው እንዲመረመርና ደረጃ እንዲወጣለት ያደርጋል። ቡናው ይመዘናል፣ ይቀመሳል፣ ከዚያ ይሸጣል። ቡና ይህ ሁሉ ሲደረግለት በሬው በዓይን ብቻ የሚሸጥበት ምክንያት አይታየንም። ሳይመዘኑ የሚካሄድ ጨረታ ያንኑ የዓይን ግምት በከፍተኛ ድምፅ መጥራት ነው።

“ገበሬው ከብቱን በዓይኑ ያውቃል፤ ሚዛን ምን ያደርግለታል?” የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። እውነት ነው፤ የፕሊመዝ ሰዎች ያስተማሩንም የሰው ዓይን ከምንገምተው በላይ ትክክለኛ መሆኑን ነው። ነገር ግን ያ ትክክለኛነት የተገኘው 787 ዓይኖች በአንድ ላይ ሲደመሩ ነው። በከብት ተራ የሚገዛው አንድ ዓይን ነው፤ ያውም የገዥው።

አንድ ሜትርና አንድ ደብተር

የከብት ሚዛን ውድ ነው፤ በየገበያው እስኪተከል ዓመታት ሊወስድ ይችላል። እስከዚያው ግን ልብስ ሰፊ የሚጠቀምበት ሜትር ይበቃናል። በብዙ አገሮች የሚሠራበት አንድ ቀመር አለ። የከብቱን የደረት ዙሪያ ከፊት እግሮቹ በስተኋላ እንለካለን፤ ርዝመቱን ደግሞ ከትከሻው አጥንት ጫፍ እስከ መቀመጫው አጥንት ጫፍ እንለካለን፤ ሁለቱም በሳንቲ ሜትር ይሁኑ። ዙሪያውን በራሱ አባዝተን በርዝመቱ እናባዛና ለ10840 እናካፍላለን። የሚገኘው ክብደቱ በኪሎ ግራም ነው። ዙሪያው 150፣ ርዝመቱ 120 የሆነ በሬ 249 ኪሎ ያህል ይመዝናል ማለት ነው።

ይህ ቁጥር ከየት መጣ? ተማሪዎች ራሳችሁ ልትደርሱበት ትችላላችሁ። የከብቱን ገላ እንደ ሲሊንደር ቁጠሩት። የሲሊንደር ይዘት ዙሪያው በራሱ ተባዝቶ፣ በርዝመቱ ተባዝቶ፣ ለአራት ፓይ ሲካፈል የሚገኘው ነው። የገላው እፍግታ ከውኃ ጋር እኩል ነው ካልን አካፋዩ 10840 ሳይሆን 12566 ይሆናል፤ በሬያችንም 215 ኪሎ ብቻ ይወጣዋል። ልዩነቱ 34 ኪሎ ነው። ሲሊንደራችን ራስ፣ አንገትና እግር አልነበረውምና ልዩነቱ አያስገርምም። ስሕተቱንም አብረን እንገምት። ዙሪያው በራሱ ስለሚባዛ በዙሪያው ላይ የተሠራ የሁለት ከመቶ ስሕተት በክብደቱ ላይ አራት ከመቶ ሆኖ ይወጣል። በ150 ሳንቲ ሜትር ላይ ሦስት ሳንቲ ሜትር መሳት አሥር ኪሎ ያስታል። ስለዚህ ሜትሩ አይላላ፤ ከብቱም አንገቱን ቀና አድርጎ በደልዳላ መሬት ላይ ይቁም።

ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ ግን ገና ይቀራል። 10840 የሚለው ቁጥር በሌሎች አገሮች ከብቶች ላይ የተመሠረተ ነው። ሻኛ ላለው የቦረና በሬ፣ ለፎገራ ላም፣ ለአርሲ ወይፈን በልኩ የሚሆነው ቁጥር ይኸው ላይሆን ይችላል። መለኪያን ከአገሩ ነገር ጋር ማስተካከል የሳይንስ ፋኩልቲ ሥራ ነው፤ ለዚህም ሚዛን ያለበት ቄራ ወይም የከብት ምርምር ማዕከል፣ አንድ ሜትር፣ አንድ ደብተርና ትዕግሥት በቂ ናቸው። ሃምሳ ከብት ለክታችሁና መዝናችሁ በግራፍ ላይ ካስቀመጣችሁ የመስመሩ ዝንባሌ ቁጥሩን ይነግራችኋል።

ለወተት ላም ደግሞ ክብደት ብቻውን ብዙ አይናገርም። ለእርሷ የሚያስፈልጋት ደብተር ነው፤ የወለደችበት ቀን፣ የጠዋቱና የማታው እልበት በተለካ ዕቃ፣ በየሳምንቱ ቢያንስ አንድ ቀን። ከገጠር የመጣችሁ ተማሪዎች ለክረምት ዕረፍት ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ይህን ደብተር መጀመር ትችላላችሁ። እናትህ ወይም አባትሽ ላሟን ለመሸጥ በሚነሡበት ቀን ለገዥው የሚያሳዩት ወረቀት ይኖራቸዋል። ገዥው መጀመሪያ ላያምነው ይችላል፤ በአንድ ቀበሌ ሃያ ቤት ደብተር ሲይዝ ግን ማመን ይጀምራል። በዴንማርክም የተጀመረው በጥቂት ገበሬዎች ነው።

የሳይንስ ክበባት በዚህ ዓመት ይህን ሥራ እንዲጀምሩ እናሳስባለን። የለካችሁትን፣ የመዘናችሁትንና ያገኛችሁትን ቁጥር ከነስሕተቱ ለዚህ መጽሔት ላኩልን፤ እናትማለን። ጨረታውን የሚያቋቁሙ ሌሎች ናቸው። ሚዛኑን ማቅረብ ግን የእኛና የእናንተ ድርሻ ነው።